ካቢኔት ፈላጊና ካቢኔ ፈላጊ፦ የአንድ የቱሉ ዲምቱ እንጨት ሥራ ቤት የኢንተርኔት ማስታወቂያ ጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የወጥ ቤት ካቢኔት፣ ቁም ሳጥንና የውስጥ በር የሚሠራ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በአናጢነት ያሳለፉ ሰው ሲሆኑ አራት ሠራተኞች አሏቸው። ስልክ የምታነሣው፣ ቀብድ የምትመዘግበውና ደረሰኝ የምትቆርጠው ልጃቸው ናት። ጉዳያቸው ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን አባትም ልጅም ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና የሥራ ቤታቸውን መጠሪያ ግን በስምምነታችን መሠረት አልጽፍም።

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ቁልፍ ሲረከቡ ቤቱ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል። የወጥ ቤት ካቢኔቱን፣ ቁም ሳጥኑንና ሌላውንም የፊኒሺንግ ሥራ እያንዳንዱ ባለዕጣ እንደ አቅሙ ያሠራል። የእኚህ ሰው ገበያ ስለዚህ በእግር የሚደረስበት ገበያ ነው፤ ለዓመታትም ሥራ ሲያገኙ የኖሩት ከመንገድ ዳር ሰሌዳቸው፣ ከብሎኮቹ ጥበቃዎች ጥቆማና የቀድሞ ደንበኛ ለጎረቤቱ ከሚነግረው ነበር። ነገር ግን ወጣት ባለቤቶች ዋጋና ሞዴል በስልካቸው እያመዛዘኑ፣ አንዳንዶቹም ቱሉ ዲምቱ ተቀምጠው መሐል ከተማ ሄደው ማዘዝ ሲጀምሩ፣ ልጅየዋ «እኛም ኢንተርኔት ላይ እንታይ» አለች።

በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ከአንድ የኢንተርኔት ማስታወቂያ ወኪል ጋር ተስማሙ። የተለመደው የብር ካርድ ለውጭ ድርጅት መክፈያ ስለማይሆን፣ በዶላር የሚሠራ ካርድ ያለው ሰው በመሐል መግባቱ በእኛ አገር ለአነስተኛ ነጋዴ የተለመደ መንገድ ነው። ባለቤቱ 58 ሺህ ብር ከፈሉ፤ ወኪሉም የዶላሩን ዋጋና የራሱን ድካም አስቦ፣ የ300 ዶላር የጉግል ማስታወቂያ በቀን 10 ዶላር ሒሳብ ለአንድ ወር ሊያስነግርላቸው ቃል ገባ። ማስታወቂያው ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 15 ቀን ታየ። በመጨረሻ የደረሳቸው ሪፖርት አንድ ስክሪንሾት ሲሆን፣ ማስታወቂያው 86 ሺህ ጊዜ መታየቱንና 1,146 ጊዜ ጠቅ መደረጉን ይገልጻል። የሥራ ቤቱ ስልክ ግን ከወትሮው ብዙም የተለየ አልጮኸም።

ባለቤቱ ወደ እኔ የመጡት ጥርጣሬያቸውን አረጋግጥላቸው ዘንድ ነበር። «ልጄ፣ ከታች በኩል ያሉት ባለ ሾውሩሞች ሰው ቀጥረው ማስታወቂያዬን በከንቱ እያስጫኑብኝ ነው፤ ሺህ ሰው ነክቶት አንድ ሺህኛው እንኳ እንዴት አይደውልም?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ሪፖርቱን ሳይሆን አካውንቱን ማየት ያስፈልግ ነበር።

ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ

ማስታወቂያ ስለታየ ሳይሆን ሰው ጠቅ ስላደረገው ብቻ የሚከፈልበት አሠራር በፍለጋ ገበያ ላይ የተስፋፋው ጎቶ ዶት ኮም የተባለው ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ከጀመረው በኋላ ነው። ጉግል አድወርድስ የሚባለውን የማስታወቂያ አገልግሎቱን በጥቅምት 2000 እ.ኤ.አ. ሲከፍት የሚያስከፍለው በታየው ብዛት ነበር፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ ጠቅታ ጨረታ ተሸጋገረ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስሙን ጉግል አድስ ብሎ ለወጠው። አንድ ሰው ቃል ጽፎ በፈለገ ቁጥር በዚያ ቃል ላይ ገንዘብ ባስያዙ ነጋዴዎች መካከል በቅጽበት ጨረታ ይካሄዳል፤ የሚያሸንፈውም በዋጋ ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያውና የሚያደርስበት ገጽ ከተፈለገው ነገር ጋር ባላቸው ግንኙነት ጭምር ነው። ገንዘቡ የሚቆረጠው ጣት ማስታወቂያውን በነካበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ገጹ ቢከፈትም ባይከፈትም፣ ሰውየው ቢደውልም ባይደውልም ሒሳቡ አይለወጥም።

በቀን የሚመደበው በጀት ጣሪያ ሳይሆን አማካይ መሆኑንም ብዙ ነጋዴ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ወጪው የተመደበውን እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የማያልፈው የወሩን ጣሪያ፣ ማለትም የቀኑን በጀት በ30.4 አባዝቶ የሚገኘውን ነው። ባለቤቱ «በቀን 10 ዶላር ብለን አንድ ቀን 18 ወሰዱ» ብለው ያዘኑበት ጉዳይ ይኸው ነው። በደንቡ የተጻፈ በመሆኑ በዚህ የተበደሉት ነገር አልነበረም።

አካውንቱ ሲከፈት

የመጀመሪያው እንቅፋት አካውንቱ የእሳቸው አለመሆኑ ነበር። ወኪሉ የብዙ ደንበኞቹን ማስታወቂያ በራሱ አካውንት ነበር የሚያስኬደው፤ ስለዚህ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ገንዘቡ በምን ቃል ላይ እንደ ወጣ የሚያይበት በር አልነበረውም። በትሕትና ስንጠይቀው ወኪሉ ያለማቅማማት ማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ሰጠን። ይህን የምጽፈው ሰውየው አታላይ እንዳልነበረ ለመመስከር ነው፤ 300 ዶላር እንዲወጣ ተስማምቶ 298 ዶላር ወጥቷል። ያጠፋው ነገር ሌላ ነው።

በቅድሚያ የባለቤቱን ጥርጣሬ መረመርን። ጉግል ሐሰተኛ ናቸው ብሎ የለያቸውን ጠቅታዎች ራሱ ከሒሳብ የሚያወጣ ሲሆን፣ በአካውንቱም ላይ ለብቻቸው በዓምድ ይታያሉ። በዚያ ወር 23 ነበሩ፤ ክፍያም አልታሰበባቸውም። ከዚያ በላይ ደግሞ የቀሩት ጠቅታዎች በቀናት፣ በሰዓታትና በቃላት ተበታትነው ስናያቸው አንድ ተንኮለኛ ቁጭ ብሎ የሚጫነውን አይመስሉም ነበር። ሰዎቹ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ የፈለጉትን ነገር ለማግኘትም በቅንነት ነክተዋል። የፈለጉት ግን ካቢኔት አልነበረም።

ከ1,146 ጠቅታዎች ውስጥ 371 የመጡት ከነጭራሹ ከፍለጋ አይደለም። የፍለጋ ማስታወቂያ ሲከፈት በሌሎች ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ላይ ጭምር እንዲታይ የሚያደርግ አንድ ምልክት አለ፤ ያ ምልክት ሳይነሣ ቀርቶ ነበር። የታየባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ስናወጣ አብዛኞቹ የስልክ ጨዋታዎች ሆኑ፤ ልጆች በአባታቸው ስልክ ሲጫወቱ በስሕተት የሚነኩት ዓይነት ነው።

ከፍለጋ ከመጡት 775 ጠቅታዎች ውስጥ ሰዎቹ የጻፉት ቃል የሚታየው የ540ዎቹ ነው፤ ጥቂት ሰው ብቻ የፈለጋቸውን ቃላት ጉግል ለግላዊነት ሲል አያሳይም። ከ540ዎቹ መካከል 168ቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር የሚፈልጉ ነበሩ። 109ኙ የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ቤት ፈላጊዎች ናቸው። 64ቱ የእንጨት ሥራ ክፍት የሥራ ቦታ የሚሹ ወጣቶች ነበሩ። 71ዱ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ካቢኔ ምን እንደ ወሰነ፣ የካቢኔ አባላት እነማን እንደሆኑ የሚጠይቁ ዜና አንባቢዎች ሆነው ተገኙ። 67ቱ በየመልኩ የተበታተኑ ናቸው። የወጥ ቤት ካቢኔት ወይም ቁም ሳጥን የፈለጉት 61 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ምሥጢር የለውም። ወኪሉ ያስገባቸው ቁልፍ ቃላት፣ ማለትም ሰው ሲፈልጋቸው ማስታወቂያው እንዲወጣ የሚመረጡት፣ ሦስት ሲሆኑ፣ «ካቢኔት»ን በላቲን ፊደል ከአዲስ አበባ ስም ጋር፣ «ኮንዶሚኒየም»ን ብቻውን፣ እንዲሁም «የእንጨት ሥራ»ን ነበር ያስገባው። ሦስቱንም በሰፊው የማዛመጃ ዓይነት ተዋቸው፤ ይህም ሌላ ካልተመረጠ በስተቀር የሚሠራው ነው፤ ማስታወቂያው ከቃሉ ጋር ተዛማጅ ተብሎ ለሚታሰብ ፍለጋ ሁሉ እንዲወጣ ይፈቅዳል። በአማርኛ ስንናገር ካቢኔትና ካቢኔን በመጨረሻዋ ፊደል እንለያቸዋለን፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ግን የወጥ ቤቱ ዕቃና የሹማምንቱ ጉባኤ አንድ ቃል ናቸው። «ኮንዶሚኒየም» የሚለውን ቃል በስልኩ የሚጽፍ የአዲስ አበባ ሰው ምን ሊፈልግ እንደሚችልም ማሰብ ነበረበት። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው እየቆጠቡ ተራቸውን የሚጠብቁ፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ተሰርዞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣ ስማቸውን ከዝርዝር ዝርዝር የፈለጉ ብዙ ሰዎች ባሉባት ከተማ፣ ቃሉ ከካቢኔት ይልቅ ከዕጣ ጋር መያያዙ ግልጽ ነው። ቤት የሌለው ሰው ስሙን ፍለጋ የገባበትን ጠቅታ የካቢኔት ሠሪ ከፈለበት፤ ሁለቱም ምንም አላተረፉም። ይህን ዝርዝር ከባለቤቱ ጋር ስናነብ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ልጃቸው ናት «አባዬ፣ እኮ ማንም አልጠላህም» ያለቻቸው።

ሁለት ሰዓት

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ስልክ የሚነሣው በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለወኪሉ በቴሌግራም «ከ2 እስከ 12 ብቻ ይታይ» ብለው ጻፉለት። ወኪሉም የታዘዘውን ቁጥር እንዳለ አስገባው። መድረኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት በመሆኑ፣ በእኛ አቆጣጠር ማስታወቂያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይቆም ነበር። ከሚታይባቸው 10 ሰዓታት ውስጥ 6ቱ ሥራ ቤቱ የተዘጋባቸው ሲሆኑ፣ ሰው ከምሳ በኋላና ከሥራ ሲወጣ ስልኩን በሚያይበት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማስታወቂያው ጨርሶ አልነበረም። ወሩን ሙሉ ይህን ያስተዋለ አልነበረም፤ ባለቤቱ በጠዋት ሲፈልጉት ያገኙት ነበርና።

በዚህ ላይ የቦታ ቅንብሩ ተጨመረ። አዲስ አበባ ተብሎ ተመርጦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሌላ ካልተመረጠ በስተቀር ምርጫው በቦታው የሚገኙትን ብቻ ሳይሆን ለቦታው ፍላጎት ያሳዩትንም ይጨምራል። ስለዚህ 118 ጠቅታዎች ከአሜሪካ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከሌሎችም መጡ፤ የወሰዱትም 61 ዶላር ነው። የአገር ውስጥ ጠቅታ በአማካይ 23 ሳንቲም ሲያወጣ የእነዚህ ከ50 ሳንቲም በላይ ነበር።

እንዲህ ያለውን ወጪ ሳየው በቀላሉ «ይዘጋ» ባልኩ ነበር። ያስቆመኝ የልጅየዋ ደብተር ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የሚደውለውን ሁሉ «የት አገኙን?» እያለች ባለ መስመር ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። በወሩ ከመጡት 42 የስልክ ጥሪዎች 29ኙ በሰሌዳው ወይም በሰው ጥቆማ የመጡ፣ 8ቱ መጠየቅ ከመጀመሯ በፊት የደወሉ፣ 5ቱ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያዩ ናቸው። ከአምስቱ ቀብድ የከፈለው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም አሜሪካ ያለች እኅቱን ወክሎ የደወለ ወንድም ነበር። እኅቱ በኮዬ ፈጬ ቤት ደርሷታል፤ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን በዚያ ወቅት ገና ምሽት 1 ሰዓት ስለሆነ፣ ከሥራ ገብታ ስትፈልግ ማስታወቂያውን አየችው። ሁለት ስሕተቶች ተገናኝተው ብቸኛውን ሥራ አመጡ ማለት ነው። የስልክ ቁጥሩ ግን ሊነካ የሚችል ጽሑፍ ሳይሆን በፎቶው ውስጥ የተሣለ ስለነበር፣ በወረቀት ገልብጣ ለወንድሟ እንደ ላከችለት ነገረን። ገጹ ሲከፈት የሚያሳየው ያንኑ ከባድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ በደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው እስኪከፈት የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም። ከስልሳ አንዱ እውነተኛ ፈላጊዎች ስንቶቹ እዚህ ላይ እንደ ቀሩ ሳስብ እስከ አሁን ይቆጨኛል፤ በቃላቱ ላይ የጠፋው ጉዳዩ በማይመለከታቸው ሰዎች ላይ የወጣ ገንዘብ ነበር፤ እዚህ ላይ የጠፉት ግን በር ድረስ የመጡ ደንበኞች ናቸው።

የተደረገው ማስተካከያ

አዲሱን አካውንት በልጅየዋ ኢሜይል ከፈትን። ካርዱ አሁንም የወኪል ካርድ ነው፤ ይህን መቀየር አልተቻለም። ወኪሉ ግን በእሷ አካውንት ላይ ፈቃድ የተሰጠው ሠራተኛ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ የድካም ዋጋውም ከዶላሩ ተለይቶ ተጻፈ። ነገ ከወኪሉ ጋር ቢለያዩ የተፈለጉት ቃላት ታሪክ ከእነርሱ ጋር ይቀራል።

ቁልፍ ቃላቱን «የወጥ ቤት ካቢኔት»፣ «ኪችን ካቢኔት ዋጋ»፣ «ቁም ሳጥን ማሠራት» ወደሚሉ ሐረጎች አጠበብናቸው፤ ማዛመጃውንም የሐረግ አደረግነው፤ ማለትም ማስታወቂያው የሐረጉን ሐሳብ ለያዘ ፍለጋ ብቻ እንዲወጣ። የማይፈለጉ ቃላትን፣ ማለትም ሲጻፉ ማስታወቂያው እንዳይወጣ የሚያግዱትን፣ ማስገባቱ ከሁሉ ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ሥራው የፊደል ሥራም ነበርና። የማይፈለግ ቃል ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን ሌሎች ቃላት በራሱ አያግድም፤ የአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ «ዕጣ»ንም «እጣ»ንም፣ «ሥራ»ንም «ስራ»ንም ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ሲጽፍ እንደ ጆሮው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በሁሉም አጻጻፍ አስገባን። ዕጣ፣ ስም ዝርዝር፣ ከንቲባ፣ ሚኒስትር፣ ኪራይ፣ ቅጥር፣ ክፍት የሥራ ቦታ እያልን ስንጽፍ ልጅየዋ እኔ ያላሰብኳቸውን ጨመረች፤ ደንበኞቿ እንዴት እንደሚናገሩ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች። በጨዋታዎችና በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ መታየቱን አጠፋነው። ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ሆነ፤ ፎቶዎቹም ተቀነሱ።

የውጭውን ፍለጋ አልዘጋነውም። በሌላ ዘመቻ፣ ማለትም የራሱ ቅንብር ባለው ሌላ የማስታወቂያ ክፍል፣ ለየነው፤ የራሱ ትንሽ በጀትና የሌሊት ሰዓት ተሰጠው፤ ማስታወቂያውም ወደ ስልክ ሳይሆን የተሠሩ ካቢኔቶች ፎቶና የቴሌግራም አድራሻ ወዳለበት ገጽ እንዲወስድ ተደረገ፤ በሌላ አገር ያለ ሰው ሥራውን ሳያይ ቀብድ እንዲልክ አይጠበቅምና። የአገር ውስጡን ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት አደረግነው፤ በዚህ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት 8 እና 18 ብለን በመጻፍ።

በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. በ30 ቀናት ውስጥ ሁለቱ ዘመቻዎች በአንድነት 143 ጠቅታዎች አገኙ፤ ወጪው 71 ዶላር ነው። በደብተሩ ላይ ኢንተርኔት ላይ አየሁ ብለው የደወሉ ወይም የጻፉ 17 ሰዎች ተመዘገቡ፤ አራቱ ቀብድ ከፈሉ፤ ከአራቱም አንዱ ከውጭ ነው። የአንድ ጠቅታ ዋጋ ከ26 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም ገደማ አድጓል። ወኪሉ መጀመሪያ ላይ ይህን እንደ ውድቀት ቆጥሮት ነበር። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ርካሽ ጠቅታ የሚገኘው ሌላ ነጋዴ በማይፈልገው ቃል ላይ ነው፤ የካቢኔት ዋጋ የሚጠይቀውን ሰው ግን ሁሉም ካቢኔት ሠሪ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ይወደዳል። በነሐሴ አንድ ቀብድ 298 ዶላር አወጣ፤ በጥቅምት 18 ዶላር ያህል።

ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ለማስተካከያው መስጠት ግን ትክክል አይሆንም። የመጀመሪያው ወር ክረምት ነበር፤ በክረምት ቤት የሚያሠራ ሰው ይቀንሳል፤ ጥቅምት ደግሞ ዝናቡ አልፎ ሥራ የሚሞቅበት ነው። አራት ቀብድም ትንሽ ቁጥር ነው። በእርግጠኝነት መናገር የምችለው በጥቅምቱ የቃላት ዝርዝር ውስጥ የዕጣ ስም ፈላጊ ሁለት ጊዜ ብቻ መገኘቱንና የካቢኔ ዜና ፈላጊ አለመገኘቱን ነው። ከሁለቱ አንዱ «ኮንዶሚንየም» ብሎ የጻፈ ነበር፤ ያም አጻጻፍ ተጨመረ።

አሁን ልጅየዋ ዘወትር ሰኞ ጠዋት የተፈለጉትን ቃላት ዝርዝር ከደብተሯ አጠገብ አስቀምጣ ታነባለች፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። በኅዳር ወር አካባቢው ላይ ለአራት ቀናት መብራት ጠፍቶ መጋዙ በቆመና የተያዘው ሥራ በዘገየ ጊዜ፣ ማንም ሳይነግራት ሁለቱንም ዘመቻዎች ከስልኳ አቆመቻቸው። መብራቱ ሲመጣ አባቷ መክፈት ሲፈልጉ ግን አልተስማማችም፤ የዘገዩት ሦስት ወጥ ቤቶች ተገጥመው እስኪያልቁ ድረስ እንዲቆይ አደረገች።